የሲኖትራክ ቴርሞስታት፦ ከ80 ወደ 71 ዲግሪ መውረድ ሞተሩን ያበርደዋል?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ከነተሳቢው ያለው ባለንብረት ነው። ጥያቄውን አሰናድቶ ነበር ያቀረበው። መኪናው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር እየጫነ እንደሚመላለስ፣ አልፎ አልፎም በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ እንደሚወርድ፣ ሜዳ ላይ የሙቀት ችግር እንደሌለበት፣ ነገር ግን የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲይዝ የጌጁ መርፌ እያሻቀበ ወደ 95 ዲግሪ እንደሚጠጋና አፋፉ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በራዲያተሩ ክዳን በኩል ውሃ መትፋት እንደሚጀምር ዘረዘረ። ደንበኛው የሆነ መካኒክ 80 የተጻፈበትን ቴርሞስታት (ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) አውጥቶ 71 የተጻፈበትን ቢያስገባለት ሞተሩ ዘጠኝ ዲግሪ ቀዝቅዞ እንደሚውል ነግሮታል። ባለንብረቱ ማወቅ የፈለገው ይህ እውነት መሆኑንና በሞተሩ ላይ የሚያስከትለው ሌላ ጉዳት መኖሩን ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ የሚጨምረው የቧንቧ ውሃ ብቻ መሆኑንም አልደበቀም።

ይህ ምክር በየጋራዡ በየቀኑ የሚሰጥ ነው። ከባድ መኪና ጥገና ላይ የምውል ሰው በመሆኔ ክሩን እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፤ ሰዎቹ የተናገሩትንም በየቁጥሩ አስፍሬዋለሁ። በዚህ ምክር ምክንያት ዕድሜያቸው ያጠረ ሞተሮች በእጄ አልፈዋል፤ ስለዚህ ነገሩ በደንብ እንዲብላላ እፈልጋለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። እሱ 71 ዲግሪውን እንዳስገባና በጣም እንደተደሰተ ጻፈ። ከሚሌ እስከ አዋሽ ባለው ቆላ መርፌው ድሮ ከሚቆምበት ዝቅ ብሎ እንደሚቆም፣ በተለይም ሌሊት ባዶውን ሲጓዝ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሚሆን ገለጸ፤ ባለንብረቱም ሳያመነታ እንዲያስገባ መከረው። ልብ ማለት የሚገባው ይህ ሹፌር የሚናገረው ስለ ሜዳና ስለ ቀላል ጭነት መሆኑን ነው። በዚያ ሁኔታ ያየው ነገር ትክክል ነው፤ የተጠየቀው ግን ስለ ዳገት ነበር።

መልስ 2

ቀጥሎ የጻፈው አዳማ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ የክሩ ዋና ሐሳብ የተቀመጠውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቴርሞስታቱ በትንሽ የብረት ብልቃጥ ውስጥ የታሸገ ሰም እንዳለው፣ ሰሙ ሲቀልጥ መጠኑ እየጨመረ ዘንጉን እንደሚገፋና ቫልቩን እንደሚከፍት አስረዳ። ላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ቫልቩ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከ10 እስከ 15 የሚደርስ ተጨማሪ ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ 80 የተጻፈበት 95 ሳይሞላ ወይም 95 ላይ፣ 71 የተጻፈበት ደግሞ 85 አካባቢ ላይ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል።

ከዚህ ተነሥቶ መካኒኩ ያቀረበው ክርክር ቀላልና ጠንካራ ነው። ጌጁ 95 ሲያሳይ ሁለቱም ቴርሞስታቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ በሁለቱም በኩል የሚያልፈው ውሃ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱን የሚወስኑት ራዲያተሩ፣ ፋኑ፣ የውሃው ፓምፕና ጭነቱ ናቸው። ቴርሞስታት ሞተሩ ከዚህ በታች አይቀዝቅዝ የሚል ወለል ያስቀምጣል፤ ከዚህ በላይ አይሙቅ የሚል ጣሪያ የማስቀመጥ ኃይል ግን የለውም። መካኒኩ በመጨረሻ ጠያቂውን ሞተሩ ድሮም በዚያ ዳገት እንዲህ ይሞቅ እንደነበረ ወይስ በቅርቡ የጀመረው እንደሆነ ጠየቀው። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ መልስ ያገኘው ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

መልስ 3

አንድ በዕድሜ የገፉ ሹፌር ደግሞ ይህ ሁሉ ሐተታ አስፈላጊ እንዳልሆነ ጻፉ። ቴርሞስታት ለበረዶ አገር የተሠራ ዕቃ ስለሆነ በእኛ አገር ነቅሎ መጣል ነው የሚሻለው አሉ። በፊያት ኤን 3 ዘመን አሰብ ድረስ ሲመላለሱ ያለ ቴርሞስታት ይነዱ እንደነበረ፣ አፋር ምድር ላይ የሚሠሩ ሹፌሮች አብዛኞቹ እስከ ዛሬም እንደዚያው እንደሚያደርጉ ተናገሩ።

መልስ 4

የዚህ መልስ ጸሐፊ ወጣት መካኒክ ነው። ጋሼ እያለ በአክብሮት ቢጀምርም ቃሉ ወዲያው ከረረ፤ በእሳቸው ምክር ስንት ቴስታታ (ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው የብረት ክፍል) እንደተቃጠለ ቢቆጠር ይገርማል እስከ ማለት ደረሰ። አነጋገሩ አልተወደደም፤ ያነሣው ነጥብ ግን ሊታለፍ የማይገባው ነው። በብዙ የናፍታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር ነው የሚጠብቀው። የላይኛው ቫልቭ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ከሥር ያለው ትንሽ ሳህን ደግሞ ውሃውን በቀጥታ ወደ ፓምፑ የሚመልሰውን አጭር መንገድ፣ ማለትም ባይፓሱን፣ እየዘጋ ይሄዳል። ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ሲወጣ ያ አጭር መንገድ ምንጊዜም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ውሃ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ከሞተሩ የወጣው ትኩስ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ ያለ ሞተር ሜዳ ላይና ባዶውን ሲሄድ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ሁለቱ ተቃራኒ የሚመስሉ ጉዳቶች በአንድ ሞተር ላይ የሚደርሱት በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 5

አዛውንቱ ሹፌር ተመልሰው መጡ፤ ተቆጥተዋል። ልጁ ገና ሳይወለድ እሳቸው መሪ ይዘው እንደነበር፣ ከመጽሐፍ የሚገኝ ዕውቀት ዳገት ላይ ገፍቶ እንደማያወጣ፣ ቴርሞስታት ባወጡላቸው መኪኖች ሁሉ መርፌው ወዲያው ሲወርድ በዓይናቸው እንዳዩ ጻፉ። ክሩን የሚቆጣጠረው ሰው ጣልቃ ገብቶ ሁለቱም እንዲረጋጉ ለመነ።

መልስ 6

ነገሩን ያበረደው በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ ሜካኒክስ መምህር የሆነ ሰው ነው። አዛውንቱ አየሁ ያሉት እውነት መሆኑን ተቀበለ፤ ምክንያቱን ግን በሌላ መንገድ አስረዳ። ቴርሞስታት በአብዛኛው የሚነቀለው ሞተሩ መሞቅ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሞተሩ ከሚሞቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ሰሙ ያረጀ ቴርሞስታት ተዘግቶ መቅረቱ ነው። ተዘግቶ የቀረ ሲነቀል መርፌው መውረዱ የማይቀር ነው። ያ የሚያረጋግጠው የተበላሸ ቴርሞስታት መጥፎ መሆኑን ብቻ ነው። በተጨማሪም ባይፓሳቸው ጠባብ የሆነ አሮጌ ሞተሮች ስላሉ የመንቀሉ ጉዳት በእነሱ ላይ ቶሎ አይታይም አለ። ይህ አባባል ለሽማግሌው ልምድ ክብር የሰጠ፣ እውነቱንም ያላጎደለ ነበር።

ከዚያም መምህሩ ማንም ያላነሣውን ሌላውን ወገን ከፈተ፦ ሞተር ቀዝቅዞ ሲሠራ ምን ይሆናል? የሲሊንደሩ ግድግዳ በቂ ሙቀት ሲያጣ የተረጨው ናፍታ ሁሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ቱቦ) ላይ ያለውን የዘይት ሽፋን እያጠበ በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) በኩል ወደ ዘይት ጎድጓዳው ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል። በቃጠሎ የተፈጠረው የውሃ እንፋሎትም ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል፤ ናፍታው ውስጥ ካለው ድኝ ከሚወጣው ጋዝ ጋር ሲገናኝም ካሚቻንና ፋሻን የሚበላ አሲድ ይሠራል። ፒስተኑ በካሚቻው ውስጥ የሚኖረው ክፍተት የተሰላው ሞተሩ ሙሉ ሙቀቱ ላይ ሲሆን ነው። የከሚንስ ሞተሮች መመሪያ የውሃው ሙቀት ከ60 ዲግሪ በታች ወይም ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ያለማቋረጥ መሥራት ሞተሩን ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቁን በማስረጃነት ጠቀሰ። እዚህ ላይ ግን ሚዛኑን ጠበቀ፤ 71 ዲግሪ ቴርሞስታት ደህና እስከሆነ ድረስ ሞተሩን ወደ 60 እንደማያወርደውና ይህ ማስጠንቀቂያ በዋናነት የሚመለከተው ጭራሽ የነቀሉትን መሆኑን ገለጸ።

የመምህሩ ገለጻ በአባይ በረሃ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልጨምር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እንደ ፍሬን ይዞ ሲወርድ የሚቃጠል ናፍታ የለም ማለት ይቻላል፤ ፓምፑ ግን ይዞራል፣ አየሩም ራዲያተሩን ያቋርጣል። ቴርሞስታት ያለው ሞተር በዚህ ጊዜ ራሱን ዘግቶ ሙቀቱን ይይዛል። የተነቀለበት ግን ድልድዩ ላይ ቀዝቅዞ ይደርስና ወዲያው ሙሉ ጭነት ይዞ ሽቅብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ነጭ ጢስ ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው።

መልስ 7 እና 8

አሜሪካ በሚኒሶታ የረጅም መንገድ ጭነት የሚነዳ ወገናችን በዚያ አገር እንዲህ ያለው ለውጥ ጨርሶ እንደማይታሰብ አካፈለ። አዳዲሶቹ መኪኖች በጭስ መውጫው ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ማጣሪያው የያዘውን አቃጥሎ የሚያጸዳው ሞተሩና ጭሱ በበቂ ሁኔታ ሲሞቁ ነው። ቴርሞስታቱ ከፍቶ የቀረበት መኪና ይህን ጽዳት መጨረስ ያቅተዋል፣ ኮምፒዩተሩም የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፣ በክረምት ደግሞ የሹፌሩ ክፍል ማሞቂያ አይሠራም። ሲኖው ሜካኒካል የናፍታ ፓምፕ ያለው አሮጌ ሞዴል ከሆነ ይህ ችግር እንደማያገኘው አመነ። ስምንተኛው መላሽ ግን ርእሱን ትቶ እዚያ አገር የሹፌርነት ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ መጠየቅ ጀመረ፤ ተቆጣጣሪው ለዚያ ሌላ ክር እንዲከፍት ነገረው።

መልስ 9

ቁጥር የሚወድ መሐንዲስ ነገሩን በስሌት ለማየት ሞከረ። ሞተሩና ራዲያተሩ 40 ሊትር ውሃ ይይዛሉ ብንል፣ አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ስለሚያስፈልግ፣ በዘጠኝ ዲግሪ ቀዝቅዞ የጀመረው ውሃ ተጨማሪ መሸከም የሚችለው ወደ 1,500 ኪሎ ጁል ነው። ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ ማስወጣት ያቃተው ሙቀት በሰከንድ 20 ኪሎ ጁል ብቻ ቢሆን እንኳ ያ ትርፍ በ75 ሰከንድ ያልቃል። ተጭኖ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚወጣ መኪና የደጀን ዳገት የአንድ ሰዓት ያህል ሥራ መሆኑን አስታወሰ።

መልስ 10

መምህሩ ተመልሶ ስሌቱን አረመ። የሚሞቀው ውሃው ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ብረትም ስለሆነ ትርፉ ከ75 ሰከንድ ይልቅ ወደ ሦስትና አራት ደቂቃ ይጠጋል አለ፤ የመሐንዲሱ ድምዳሜ ግን አይናወጥም። ከዚያም አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔ እንደማስበው ለቆላ ሹፌሮች ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። ራዲያተር ሙቀት የሚያስወጣው በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው። አየሩ 40 ዲግሪ በሆነበት ቀን 95 ዲግሪ የሆነ ውሃ 55 ዲግሪ ልዩነት አለው፤ 71 ዲግሪ የሆነ ውሃ ግን 31 ብቻ። ስለዚህ አፋር ላይ ተጭኖ የሚሄድ ሞተር 71 የተጻፈበት ቴርሞስታት ስላለው ብቻ 71 ላይ አይቆምም፤ ራዲያተሩ የሚመጣውን ሙቀት ማስወጣት እስኪችል ድረስ ውሃው ይሞቃል፣ ሚዛኑን ያገኘበት ላይም ይቆማል። የመጀመሪያው መላሽ ሹፌር መርፌው የወረደለት ባዶውንና ሌሊት መሆኑ በዚህ ይገባል።

መልስ 11

ከዚህ በኋላ ወሬው ከቴርሞስታት ወደ እውነተኛው ችግር መሄድ ጀመረ። አንድ የጋራዥ ባለቤት የፋን ክላቹን፣ ማለትም ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውንና የሚለቀውን ክፍል፣ አነሣ። በሲሊኮን ዘይት የሚሠራው ዓይነት ከፊቱ ባለው የብረት ጥቅልል አማካይነት በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ የመጣውን አየር ሙቀት እየለካ ነው ፋኑን የሚይዘው፤ ቴርሞስታቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አያውቅም። ዘይቱ ካፈሰሰ ፋኑ እየተንሸራተተ ይዞራል፣ ሜዳ ላይ የጉዞው ንፋስ ስለሚያግዝ ጉዳቱ አይታይም፣ በዝግታ በሚወጣ ዳገት ላይ ግን ይጋለጣል። ክላቹ ዙሪያ አቧራ የያዘ የዘይት ጭቃ ካለ ምልክቱ እሱ ነው። በኢንተርኩለሩ (ከራዲያተሩ ፊት ያለው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዝ ክፍል) እና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ቦታ ከፍተው እንዲያዩም አሳሰበ። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ የሚመስለው ራዲያተር በኢንተርኩለሩ ጀርባ ገለባ፣ ነፍሳትና ዘይት የለወሰው አቧራ እንደ ምንጣፍ ተደልድሎበት ይገኛል፤ ይህን እኔም ደጋግሜ ያየሁት ነው።

መልስ 12

ጠያቂው መጀመሪያ ላይ ከጻፈው ውስጥ ሁላችንም ያለፍነውን ፍንጭ ያገኘው ይህ ሰው ነው። መርፌው 95 እያለ ውሃው ለምን ይተፋል? ብሎ ጠየቀ። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ሲፈላ፣ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ደጀንም በ2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ያው ናት። የራዲያተር ክዳን የተሠራው ግፊት ይዞ ይህን የመፍላት ደረጃ ከፍ ለማድረግ ነው። ግማሽ ባር የሚይዝ ደህና ክዳን በዚያ ከፍታ የመፍላቱን ነጥብ ወደ 106 ያደርሰዋል። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካልቻለ ግን 95 ያሳየው ሞተር አስቀድሞ ፈልቷል ማለት ነው፤ እንፋሎቱም ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ይኸው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ በ95 ዲግሪ ምንም ሳይሆን ይውላል። መላሹ የክዳኑን ላስቲክና ስፕሪንግ እንዲያዩ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛው ጎማ ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ መወጠሩን እንዲፈትሹ ነገራቸው፤ ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊት እንደሚያቃጥልም ደግሞ ደጋግሞ አስጠነቀቀ።

መልስ 13

ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ነጋዴ አዲስ ጉዳይ አመጣ። ደንበኞች አዲስ ቴርሞስታት ገዝተው በፈላ ውሃ ይፈትኑና በደንብ አይከፈትም እያሉ ይመልሱበታል፤ በዚህ ምክንያት ብዙዎች ዝቅተኛውን ዲግሪ መጠየቅ ጀምረዋል አለ። የአዳማው መካኒክ እዚያው ሥር መልሱን ጻፈለት። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከ92 በላይ አይሞቅም፤ 80 የተጻፈበት ቴርሞስታት ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ለመከፈት እስከ 95 ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ድስት ጤነኛው ቴርሞስታት ሁሉ ግማሽ ጎዶሎ ይመስላል። ዕቃው ሳይበላሽ የተጣለው በዚህ ምክንያት ስንቱ ይሆን! መፍትሔው በግማሽ ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚቀየጥ የራዲያተር ፈሳሽ) በግማሽ ውሃ መፈተን ነው፤ ቅይጡ በሰባት ዲግሪ ያህል ዘግይቶ ስለሚፈላ 95 ላይ ይደርሳል። ኩላንት መርዝ ስለሆነ ድስቱ ተመልሶ ወደ ወጥ ቤት መግባት የለበትም። ቴርሞስታቱ በሽቦ ተንጠልጥሎ የድስቱን ወለል ሳይነካ፣ ቴርሞሜትሩም አጠገቡ ሆኖ ነው የሚለካው።

መልስ 14

አንድ ሰው በነጋዴው ላይ ጮኸ። ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ሁሉ አስመስሎ የተሠራ ነው፣ 80 ተብሎ የተቀረጸው 90 ላይ እንኳን አይከፈትም ሲል ወነጀለ። ነጋዴው በበኩሉ ርካሹን ብቻ የሚጠይቅ ገዢ የሚገባውን ነው የሚያገኘው ብሎ መለሰ። ሁለቱም ጥቂት ጠንከር ያሉ ቃላት ከተለዋወጡ በኋላ ክርክሩ ያለ ውጤት ቆመ። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ቁጥሩን አምኖ አለመግጠም፣ ከመግጠም በፊት መፈተን ነው።

መልስ 15

አዳማ ላይ የጭነት መኪኖች የምታስተዳድር እኅት ጉዳዩን በባለንብረት ዓይን አየችው። እሷ ዘንድ ቴርሞስታቱ የተነቀለበትን መኪና የሚያጋልጠው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። ዘይቱ መቀነስ ሲገባው ከምልክቱ በላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ዘንጉ ሲሸተትም ናፍታ ናፍታ ካለ፣ በዘይት መሙያው ክዳን ሥርም ቡና በወተት የሚመስል አረፋ ከተጠራቀመ፣ መጀመሪያ የምታዘው ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን እንዲያዩ ነው። ናፍታ ቀንሶ ሲገኝ ሰርቃችሁ ይሆናል እየተባሉ ያለ ጥፋታቸው የተወነጀሉ ሹፌሮች ነበሩ፤ ሞተሩ እየቀዘቀዘ ብዙ ይበላ እንደነበር በኋላ ታወቀ። ይህን ስትጽፍ ሹፌሮቹን ይቅርታ መጠየቋንም ገልጻለች። አዛውንቱ ሹፌር ለዚህ መልስ ምስጋናቸውን አስፍረዋል፤ ስለ ቴርሞስታቱ ግን ሐሳባቸውን መለወጣቸውን አልተናገሩም።

ሌላም አንድ ነገር አስታውሳለች። የዚህ ሲኖትራክ ሞተር የሆነው የደብልዩ ዲ 615 ስድስቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቴስታታ አላቸው፤ አንዱ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሲቃጠል አንዱን ብቻ መክፈት ይቻላል። ይህ መልካም ቢሆንም ሹፌሮችን አዘናግቷል፤ ሙቀትን ቀላል ጥገና አድርገው ማየት ጀምረዋል። ጓርኒሲዮኑ ከተበላሸ ደግሞ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚገባ ራዲያተሩ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ አረፋ ይተፋል፤ ያንን ከክዳኑ ችግር መለየት ያስፈልጋል።

መልስ 16

ጠያቂው ተመልሶ መጣ። ምክሩን ሳይጠብቅ 71 ዲግሪውን አስገብቶ ነበር። ድልድዩ ላይ ሲደርስ መርፌው እውነትም ከድሮው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዳገቱን እንደጀመረ ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ ድሮው ቦታ ወጣ፣ ውሃውም እዚያው አፋፉ ላይ ተፋ። ስሌቱ በመንገድ ላይ ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚያ በመልስ 11 እና በመልስ 12 መሠረት አስከፍቶ አየ። የክዳኑ ላስቲክ ተሰንጥቋል፤ ኢንተርኩለሩ ወደ ፊት ሲነሣ ደግሞ የራዲያተሩ ፊት ከወገቡ በታች በደረቀ ጭቃና በገለባ ተደፍኗል። ፋን ክላቹ ደህና ነው። ራዲያተሩን ከውስጥ ወደ ፊት ለፊት በዝግታ ውሃ አሳጥቦ፣ ክዳኑን በአዲስ ቀይሮ፣ ያንኑ ጭነት ይዞ ሲወጣ መርፌው 90 ሳይሞላ ደጀን ገባ። ለአዳማው መካኒክ ጥያቄም አሁን መልስ ሰጠ፤ ሙቀቱ የጀመረው ካለፈው የመኸር ወቅት ወዲህ ነው። ገለባው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ያሁኑ ጥያቄው 71 ዲግሪው በሞተሩ ውስጥ ስላለ ይቆይ ወይስ ይቀየር የሚል ነበር።

መልስ 17

የአዳማው መካኒክ የመለሰለት ሳያጋንን ነው። ለዚህ ሞተር ቤተሰብ 71ም 80ም የሚሸጡ ስለሆነ 71 የባዕድ ዕቃ አይደለም፤ ሁልጊዜ ተጭኖ በጅቡቲ ቆላ ብቻ የሚሠራ መኪና ቢሆን ጉዳቱ እምብዛም አይታይም። ይህ መኪና ግን ደጋ ላይ ያድራል፣ ጠዋት በብርድ ይነሣል፣ ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል፣ ባዶውንም ይመለሳል። በነዚህ ሰዓቶች ሁሉ 80 ዲግሪው ሞተሩን በሚገባው ሙቀት ያቆየዋል፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ከ71ዱ የሚያንስበት ነገር የለም። ስለዚህ ከመኪናው ጋር የመጣውን 80 እንዲመልስ መከረው። ሲገጠም አየር የምታወጣው ትንሽ ቀዳዳ ከነመርፌዋ ወደ ላይ እንድትሆን፣ ውሃው ቀስ ተብሎ እንዲሞላ፣ ሞተሩ ተነሥቶ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ድረስ ክዳኑ ሳይዘጋ የጎደለው እንዲጨመር አስረዳው። ቴስታታው ውስጥ የታሰረ አየር ካለ ጌጁ እንፋሎት እንጂ ውሃ ስለማይለካ ሊዋሽ ይችላል።

መልስ 18

የመጨረሻው መልስ የመምህሩ ነው፤ ስለ ቧንቧ ውሃው ነበር። ለብዙ ጊዜ የቧንቧ ውሃ የተጨመረበት ሞተር ካሚቻዎቹ ዙሪያ ኖራ መሰል ቅርፊት ስለሚሠራ ሙቀቱ ወደ ውሃው በደንብ አይተላለፍም፤ ጌጁ 90 እያለ ብረቱ ግን ከዚያ በላይ ይሞቃል። ዘይቱ በሚቀየርበት ቀን ውሃው ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ እስኪጠራ እንዲታጠብ፣ ከዚያ ማዕድን የሌለው ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል ተቀይጦ እንዲገባ፣ ቴርሞስታቱም በዚያው አጋጣሚ እንዲቀየር ሐሳብ አቀረበ። ጠያቂው ቅዳሜ ጋራዥ እንደሚገባ ጽፎ፣ 80 ዲግሪውን መጀመሪያ በኩላንት ቅይጥ እንደሚፈትነው አስታወቀ።